የሆምስቴድ ፎርም የምታውቁ ጠቁሙኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ቴክሳስ ቤት ከገዛን ሦስት ወራችን ነው። ትናንት የመንግሥት የሚመስል ደብዳቤ መጣልኝ፣ ክፈሉንና ሆምስቴዱን፣ ማለት ሰው ለሚኖርበት ቤት የሚሰጠውን የፕሮፐርቲ ታክስ (የቤት ግብር) ቅነሳ፣ እናስጨርስላችሁ ይላል። ታክስ የሚሠራልን ሰውዬ ደግሞ በትንሽ ብር እኔ ልሙላልሽ አለኝ። የቱ ይሻለኛል?

— እህቴ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ! ኧረ ለማንም እንዳትከፍዪ፣ ነፃ ነው። እኔም ያ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር፣ የመጨረሻ ቀን ብሎ በቀይ ጽፎበት ደንግጬ ቼክ ላኩላቸው፣ በኋላ ገልብጬ ሳየው ከታች በደቃቅ ፊደል የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለንም ይላል፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ፎርሙ 50-114 ነው፣ የምታስገቢው ለካውንቲሽ አፕሬዛል ዲስትሪክት (የቤት ዋጋ ለሚገምተው ቢሮ) ነው፣ ታክስ የምትከፍዪበት ቢሮ ሌላ ነው እሱ ጋ እንዳትሄጂ። ብዙዎቹ ኦንላይን ይቀበላሉ፣ ሰውዬው የሚሞላልሽም ይችኑ ነው።

መጀመሪያ ግን መንጃ ፈቃድሽን አውጥተሽ እዪው። አድራሻው የአዲሱ ቤት ካልሆነ ይመልሱብሻል፣ የኔ የድሮው አፓርትመንት አድራሻ ነበረበትና እሱን እስካስቀይር ስንት ቀን ተጉላላሁ። እና ሻጩ ሆምስቴድ ነበረው ብለሽ እንዳትዘናጊ፣ የሱ ለሱ ነው፣ አንቺ በስምሽ ማመልከት አለብሽ።

ጥቅሙ ቀላል እንዳይመስልሽ፣ የትምህርት ቤቱ ታክስ ሲሰላ ከቤቱ ዋጋ 140,000 ዶላር ይነሳልሻል፣ 2025 ላይ ነው ከ100,000 ያሳደጉት። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ታክስ የሚጣልበት ዋጋ በዓመት ከ10 ፐርሰንት በላይ አይጨምርም፣ ለኔ ትልቁ እሱ ነው። 65 የሞላው የቤቱ ባለቤት ካለ ተጨማሪ አለው። ማስገቢያው እስከ ኤፕሪል 30 ነው፣ ያለፈበትም ሰው ተስፋ አይቁረጥ፣ ወደ ኋላ ሁለት ዓመት ድረስ ይቀበላሉ።

— ሜሪላንድ ላላችሁ ልጨምር፣ እኛ ጋ ማመልከቻው ለካውንቲ ሳይሆን ለስቴቱ ነው የሚገባው፣ ለአንድ ቤት አንዴ ብቻ፣ በነፃ። ገቢያቸው ከ60,000 ዶላር ለማይበልጥ ደግሞ ሌላ ክሬዲት አለ፣ እሱ ግን በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ይሞላል፣ እናት አባት ቤት ያላቸው እባካችሁ አስሞሉላቸው፣ ሳያውቁት ነው የሚያልፋቸው።

— ካሊፎርኒያ ከቤቱ ዋጋ የሚነሳው 7,000 ዶላር ስለሆነ የምታተርፉት በዓመት 70 ዶላር ገደማ ነው። እሱንም ለደብዳቤ ላኪ ከፍላችሁ ምን ሊቀራችሁ፣ ለካውንቲው አሴሰር (የቤት ዋጋ ገማች ቢሮ) ራሳችሁ ላኩት፣ እስከ ፌብሩዋሪ 15።

— እግዜር ይስጥልኝ፣ ደብዳቤውን ቀድጄዋለሁ። መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለው አድራሻ ግን የድሮው ነው፣ ነገ እሱን ላስቀይር።