ነዳጅ ሲሰጠው ጉልበት የሚያጣ መኪና፦ የነዳጅ ፓምፑ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው ራሱ ፓምፑ?

መኪናው 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያለው፣ በኢንጀክተር የሚሠራ፣ ማንዋል ማርሽ ነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ) ድምፁ ልስልስ ያለ ነው፤ ቀስ ተብሎ ሲነዳም ምንም አይልም። ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥ ግን ከ3000 ዙር በላይ አልወጣም ብሎ ይንገጫገጫል። እግሬን ላላ ሳደርግ መልሶ ይስባል። ዙሩም ፍጥነቱም አብረው ስለሚወርዱ ፍሪሲዮን አይደለም።

ቼክ ኢንጂን በርቶ የተነበበው ኮድ ፒ0171 ነው፤ ነዳጁ ከአየሩ አንሷል ማለት ነው። ካንዴላዎቹን፣ የአየርና የነዳጅ ፊልትሮውን ቀየርኩ፣ የአየር መጠን ሴንሰሩን በራሱ ስፕሬይ አጠብኩ። ለውጥ የለም። ከካታሊስቱ (ከጭስ ማጣሪያው) በፊት የለካሁት የጭስ ግፊት በ2500 ዙር 0.1 ባር ስለሆነ የጭስ መውጫው አልተደፈነም።

ዋናው ፍንጭ እዚህ ይመስለኛል። ኮምፒውተሩ የሚጨምረው ነዳጅ ሚኒሞ ላይ 4 በመቶ ሲሆን ጭነት ላይ 22 ይደርሳል፤ አየር የሚስብ ቀዳዳ ቢኖር ሚኒሞ ላይ ነበር የሚብሰው። የነዳጅ ግፊት ጌጁን በረጅም ቱቦ አውጥቼ ከፊት መስታወቱ ውጭ አስሬ ስነዳ፣ 3.5 ባር ላይ ቆሞ የነበረው ቀስት ልክ መንገጫገጩ ሲጀምር 2.2 ላይ ወረደ። በዚያው ሰዓት ባትሪው ላይ 14.0 ቮልት እያለ ፓምፑ ሶኬት ላይ የሚደርሰው 12.6 ብቻ ነው። 1.4 ቮልት ገመዱ ላይ መጥፋቱ ብዙ ነው፤ ግን ብቻውን ግፊቱን እስከዚህ የሚጥል አይመስለኝም፣ ታንከሩ ውስጥ ያለው የፓምፑ ወንፊትም ተደፍኖ ሊሆን ይችላል።

ታንከሩን ከማውረዴ በፊት፣ ጥፋቱ የገመዱ፣ የፓምፑ ወይስ የወንፊቱ መሆኑን በየትኛው ልኬት ልለይ?