የግሬግ ቶላንድን ጥልቅ ፎከስ በግንብ አዳራሽ ውስጥ እንዴት እንሥራው?

ማራኪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ላይ ጥቁርና ነጭ አጭር ፊልም ልንቀርጽ ነው። በአንዱ ትዕይንት እናት ካሜራው ሥር ተቀምጣለች፣ ልጇ ደግሞ ከአዳራሹ ማዶ በሩ ላይ ቆሟል። የሆሊዉዱ ካሜራ ማን ቶላንድ በ«ሲቲዝን ኬን» ፊልም (1941 እ.ኤ.አ.) እንዳደረገው ሁለቱም ጥርት ብለው እንዲታዩ እንፈልጋለን፤ ጥልቅ ፎከስ የሚባለው ይኸው ነው። ያለን ፉል ፍሬም ካሜራና 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። በኤፍ 2.8 እናትየዋ ላይ ፎከስ ስናደርግ ልጁ ይደበዝዛል። ምን ይሻላል?

አዘዞ፦ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ወደ ኤፍ 11 ዝጉት፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ፎከሱን 1.8 ሜትር ላይ አድርጉ። ከ90 ሴንቲ ሜትር ግድም ጀምሮ እስከ በሩ ድረስ ይጠራል። ፎከሱን ልጁ ላይ ካደረጋችሁት ግን እናትየዋን ታጧታላችሁ። ዕዳው ብርሃን ነው፦ ከ2.8 ወደ 11 ስትዘጉ 16 እጥፍ ያስፈልጋል። አይ.ኤስ.ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600፣ ሸተር 1/50 ሰከንድ ከሆነ ፊቷ ላይ 1000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ያህል ይድረስ። የእኛ መብራት 50 ኸርትዝ ስለሆነ 1/50 ብልጭ ድርግም ከማለት ያድናችኋል። ከኤፍ 16 አትለፉ፤ ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃኑ ይበተንና ምስሉ በሙሉ ይለሰልሳል።

ቶላንድም ሌንስ ብቻ አልነበረም የያዘው። ፈጣኑን፣ ማለትም በትንሽ ብርሃን የሚሠራውን የኮዳክ ሱፐር ኤክስ ኤክስ ፊልም፣ ኃይለኛ አርክ መብራትና ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ ያለው ሌንስ አንድ ላይ አጣመረ። አንዱ ቢጎድል ሌላው ዋጋ አልነበረውም።

ፒያሳ፦ አዘዞ ልክ ነው፤ ግን ሁሉም ሾት በሌንስ ብቻ አልተሠራም። በ«ሲቲዝን ኬን» የመድኃኒቱ ብርጭቆ ከፊት ገዝፎ የሚታይበት ሾት በአንድ ኔጋቲቭ ላይ ተደጋግሞ የተነሣ ነው፦ መጀመሪያ ከፊት ያለውን አብርተው ኋላውን አጨለሙ፣ ከዚያ ፊልሙን መልሰው አጠነጠኑና ፊተኛውን አጨልመው ኋላውን አብርተው ደግመው ቀረጹ። እናትየዋ ከ90 ሴንቲ ሜትር ከቀረበች እናንተም ትራይፖዱን ሳትነኩ ሁለት ጊዜ ቅረጹና በኤዲቲንግ አጋጥሙ። ፎከስ ሲቀየር ፍሬሙ ትንሽ ስለሚሰፋ ወይም ስለሚጠብ መጋጠሚያውን ጥላ ያለበት ግድግዳ ላይ አሳርፉት። የነጠላዋ ጠርዝ መስመሩን ካለፈ ተቆርጦ ይታያል።

ማራኪ፦ እግዜር ይስጥልን። ጣሪያውም እንዲታይ ካሜራውን ዝቅ ልናደርግ ነበር፤ ድምፁ አያስቸግርም? ስለ ቶላንድ ሕይወትም ትንሽ ብትሉን።

አዘዞ፦ የ«ሲቲዝን ኬን» ሠሪዎች ጣሪያውን በአቡጀዲ ሠርተው ማይኩን ከላዩ ሰቀሉ፤ ድምፅ በጨርቁ ያልፋል። የድንጋይ አዳራሽ ግን ያስተጋባል፤ የኪስ ማይክ ልብሳቸው ላይ አድርጉ።

ቶላንድ በ1904 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ተወለደ። በ15 ዓመቱ በስቱዲዮ ተላላኪነት ጀምሮ በካሜራ ማኑ ጆርጅ ባርንስ ሥር ረዳት ካሜራ ማን ሆነ። የፊልም ፕሮዲዩሰሩ የሳሙኤል ጎልድዊን ቋሚ ኮንትራት ነው ያሳደገው፤ የራሱን ቡድንና ካሜራ ይዞ ለመሞከር ጊዜ አገኘ፣ «ሲቲዝን ኬን»ን ወደ ሠራው ስቱዲዮ ወደ አርኬኦም በውሰት ሲሄድ ይዟቸው ሄደ። ኦስካር ያገኘው በ1939 ፊልም ነው። በ1948 በ44 ዓመቱ አረፈ።