ለጎንዶላ ሠራተኞች ሥልጠና የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቁ ላይ የተደረገ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ውድ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ እንደተስማማነው በተንጠልጣይ መድረክ፣ ሁላችንም በምንጠራው ስሙ በጎንዶላ፣ ለሚሠሩ ሰዎች የደኅንነት ሥልጠና እንዲዘጋጅ ለከተማው የሥራና ክህሎት ቢሮ የምናቀርበውን ሐሳብ ማርቀቅ ጀምሬአለሁ። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ከሰንጋ ተራ እስከ ካዛንቺስ የሕንፃ ፊት ሥራ በዝቷል፤ ቀለሙ፣ መስታወቱ፣ አሉሚኒየሙ፣ የጌጥ መብራቱ ሁሉ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ነው። ረቂቁ ለጊዜው የሚለው ሦስት ቀን በአዳራሽ ትምህርት፣ በመጨረሻው ቀን ፈተናና የምስክር ወረቀት ነው። እስከ ዓርብ ማታ አስተያየታችሁን ጻፉልኝ።

ጎንዶላ ተካይ፦
ልጄ፣ ስለ ድካምሽ አመሰግናለሁ። ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ "ጣሪያ" የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ አላገኘሁም። አላፊ አግዳሚው የሚያየው የተንጠለጠለውን ሳጥን ነው። ሳጥኑን የያዘው ግን ማንም በማይወጣበት የጣሪያ ሶሌታ ላይ የተቀመጠው፣ ከጠርዙ ወደ ውጭ የሚወጣው የብረት ክንድና ከኋላው የሚጫንበት ክብደት ነው።

ቁጥሩን ላስቀምጥ። እኔ በብዛት የምተክለው የቻይናውን ዜድ ኤል ፒ 630 ነው። የአንዱን ማንሻ ሞተር አቅም 630 ኪሎ እንበል። ክንዱ ከሕንፃው ጠርዝ 1.5 ሜትር ወደ ውጭ ቢወጣ፣ ክንዱን ወደ ታች የሚገለብጠው 630 በ1.5 ሲባዛ፣ ማለትም 945 ነው። ከጠርዙ 4.5 ሜትር ወደ ኋላ ገብተን እያንዳንዳቸው 25 ኪሎ የሆኑ 20 ክብደቶች ብናስቀምጥ፣ 500 በ4.5፣ 2,250 ይሆናል። ከሚገለብጠው 2.4 እጥፍ ገደማ ነው። አሁን የውኃ ታንከር መንገድ ዘጋብንና የኋላውን ወደ 3 ሜትር አሳጠርነው እንበል። ክብደቱ ያው 20 ነው። ፎርማኑ ይቆጥራል፣ "ሙሉ ነው" ብሎ ይወርዳል። ስሌቱ ግን ወደ 1,500 ወርዷል፤ 1.6 እጥፍ እንኳን አይሞላም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ቢያንስ 4 እጥፍ ይጠይቃል። በዚያ ከሄድን ለ4.5 ሜትሩ 34 ክብደት፣ ለ3 ሜትሩ 51 ያስፈልጋል። ይህ የመሐንዲስ ምሥጢር አይደለም፤ ማባዛት የሚችል ሰው ሁሉ ያሰላዋል። ስለዚህ ሥልጠናው በዚህ ይጀመር።

ስለ ክብደቱ ዓይነትም አንድ ነገር ልጨምር። አሸዋ የሞላ ጆንያ አይቻለሁ፣ ብሎኬት አይቻለሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሲሚንቶ ከነከረጢቱ አይቻለሁ። ሲሚንቶው በማግስቱ ለልስን ሲፈለግ ማን እንደሚያነሣው፣ ከታች የተንጠለጠለውን ሰው ማን እንደሚያስታውሰው እናንተው ገምቱ። ያው ደንብ አሸዋና ጠጠርን፣ የግንባታ ዕቃንም ለክብደት መጠቀምን ይከለክላል፤ ክብደቱም ከክንዱ ጋር ተጠብቆ መታሰር አለበት ይላል።

የመስታወት ጽዳት ቡድን መሪ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ ግን ስለ መብራት መጥፋት ልናገር።

ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ላይ ስንሠራ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነበርን። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ የእንግዶቹ ክፍሎች በሩ፤ የእኛ መስመር ግን ከጄኔሬተሩ ጋር አልተገናኘም ነበር። አርባ ደቂቃ ተንጠልጥለን ቆየን። አብሮኝ የነበረው ልጅ በመስኮት ልግባ ብሎ ቀበቶውን ሊፈታ ሲል እጁን ይዤ ለመንሁት። ከውስጥ አንዲት እንግዳ መጋረጃውን ገልጣ አየችን፤ መልሳ ዘጋችው። በኋላ እንዳወቅሁት በሁለቱም ሞተሮች ላይ ተሰክቶ ፍሬኑ በእጅ የሚለቀቅበት ዘንግ አለ። እኔ በአንዱ፣ ልጁ በሌላው ጫፍ ሆነን እኩል ብናነሣው መድረኩ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። አንዱ ቀድሞ አንዱ ከዘገየ ደግሞ መድረኩ ያዘነብላል፣ ድንገተኛ መያዣውም ገመዱን ነክሶ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱም ሰው ማወቅ አለበት፤ አንዱ ብቻ ቢሠለጥን ዋጋ የለውም። የእኛ ዘንግ የት ነበር? ጣሪያ ላይ፣ በተቆለፈ የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ።

በዚህች ከተማ መብራት እንደሚጠፋ ለማንም አይነገርም። ታዲያ መጀመሪያ የምናስተምረው ይህን ሊሆን አይገባም?

የሕንፃ አስተዳዳሪ፦
ሐሳባችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልክ ይኑረው። እኔ ሰንጋ ተራ የማስተዳድረው ሕንፃ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታጠባል። ሥራውን የሚወስደው ተቋራጭ ነው፤ ሠራተኛውን የሚያሠለጥነውም እሱ ነው። ጣሪያውን ለልምምድ ክፈት ብትሉኝ ደግሞ ተከራዮቼ ባንክና የጠበቃ ቢሮ ናቸው፤ የማያውቁት ሰው በሊፍት ሲወጣ ሲወርድ ዝም አይሉም። ማኅበሩ የሰው ሕንፃ ላይ ግዴታ የሚጭን ሐሳብ ካቀረበ እኔ አልፈርምም።

ጎንዶላ ተካይ፦
አቶ አስተዳዳሪ፣ የጣሪያው ቁልፍ በማን እጅ ነው? በእርስዎ። የጠርዙ ግንብ ሸክም ይችል አይችል፣ ውስጡ ብረት ይኑር ብሎኬት ብቻ ይሁን የሚያሳየው ንድፍ በማን መሳቢያ ነው? በእርስዎ። ተቋራጩ ዛሬ መጥቶ ነገ ይሄዳል። እኔ እንኳን ስንት ሕንፃ ላይ ወጥቼ "ይህ ግንብ ይችላል?" ብዬ ጠይቄ "እንግዲህ ይመስለኛል" የሚል መልስ ይዤ ተክያለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ቀለም ቀቢ፦
እኔ ስለ ገንዘቡ ነው። እኛ የቀን ሠራተኞች ነን። ሦስት ቀን አዳራሽ ተቀመጡ ማለት የሦስት ቀን እንጀራ ተዉ ማለት ነው። የቀን ሒሳብ ካልተከፈለ የሚመጣው ሥራ ያጣ ብቻ ነው፤ ጎንዶላ ላይ ያለው አይመጣም።

ቋንቋውም ይታሰብ። ማሽኑ ላይ የተጻፈው በቻይንኛና በእንግሊዝኛ ነው። ከቡድኔ ግማሹ ከወላይታና ከጋሞ የመጣ ነው፤ በአማርኛ ይግባባል፣ ጽሑፍ አንብቦ ፈተና መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው። ፈተናው በወረቀት ከሆነ ገመዱን በዓይኑ አይቶ የሚለይ ልጅ ይወድቃል፣ በቃሉ ያጠናው ያልፋል።

ስለ ነፋስም ካነሣችሁ፣ የማሽኑ መመሪያ በሰከንድ ከ8.3 ሜትር በላይ ሲነፍስ አትሥሩ ይላል አሉ። እኛ የምንለካው ቀለሙ ከሮለሩ ተነሥቶ ፊታችን ላይ ሲያርፍ ነው።

ኤሌክትሪሻን አባል፦
ባጭሩ። የመብራት ገመዱ ረጅም፣ ሽቦው ቀጭን ሲሆን ኃይሉ እላይ ሳይደርስ ይደክማል፤ ሞተሩን ያቃጥላል። ሁለተኛ፣ አሉሚኒየም የሚገጥሙ ልጆች መድረኩ ላይ ሆነው ብረት ሲበይዱ አያለሁ። የብየዳው ኃይል በመድረኩ ማንጠልጠያ የብረት ገመድ በኩል መንገድ ካገኘ ክሮቹን ያቃጥላቸዋል። ከውጭ ደህና ይመስላል። እነዚህን ሁለቱን ጻፉልኝ።

የሕግ ባለሙያ አባል፦
የክፍያው ጥያቄ መልስ ያለው ይመስለኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 ሠራተኛው በሥራው ላይ ስላለው አደጋና ስለ ጥንቃቄው ትምህርት እንዲያገኝ የማድረግ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ስለዚህ ሥልጠናው የሠራተኛው የግል ትምህርት ሳይሆን የአሠሪው ዕዳ ነው። የቀን ሒሳቡ ይከፈል ብለን ስንጠይቅ ችሮታ አንለምንም።

አንድ ጎደሎ ግን አለ። አሠሪው ስለሚያሠጋ አደጋ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ዝም ካለ፣ አንቀጽ 32 ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። ይህ ሥራ የመልቀቅ መብት ነው። እኛ የምንፈልገው ሰውዬው ጠዋት ገመዱን አይቶ "ዛሬ አልወጣም" ብሎ፣ ከሰዓት ተስተካክሎ ሲወጣ፣ ነገም እዚያው ሥራው ላይ እንዲገኝ ነው። በሐሳባችን ውስጥ ይህ በግልጽ ይግባ።

የመስታወት ጽዳት ቡድን መሪ፦
ለዚህ ነው አሠሪው ወይም ፎርማኑ ሥልጠናው ላይ ይኑር የምለው። እኔ "አልወጣም" ማለትን ብማር፣ እሱ "እሺ" ማለትን ካልተማረ ምን ይጠቅመኛል?

ጎንዶላ ተካይ፦
ልጄ ልክ ነሽ። ስለ ቀበቶም ልጨምር። ልጆቹ ቀበቶውን የመድረኩ ብረት ላይ ያስሩታል። መድረኩ ከወደቀ ቀበቶውም አብሮ ነው፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ቀበቶው ከጣሪያው ለብቻው በታሰረ ሌላ ገመድ ላይ መያያዝ አለበት፤ ገመዱም ከክንዱ ጋር ሳይሆን ከሕንፃው ጋር መታሰር አለበት። በጠርዙ እንዳይቆረጥ ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ወይም የጎማ ቁራጭ ይደረግለት።

ተንጠልጥሎ የቀረውን የሚያወርደው ማን እንደሆነ ከሥራው በፊት ይታወቅ። በ939 ለእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን መደወል ግዴታ ነው፤ ነገር ግን በቀበቶ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ይቆማል፤ የሜክሲኮን መጨናነቅ ለመጠበቅ ጊዜ የለውም።

የሕንፃ አስተዳዳሪ፦
የግንቡን ነገር ትናንት ማታ ሳስበው አደርሁ። ንድፉን ፈልጌ አላገኘሁትም። አስተዳዳሪውም ይሠልጥን ብላችሁ ብትጽፉ አልቃወምም፤ ከግማሽ ቀን ግን አይለፍ። ለልምምድ ጣሪያ የመክፈቱን ነገር አሁንም አልቀበልም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ረቂቁን እንዲህ ቀይሬዋለሁ። የአዳራሹ ትምህርት ወደ ግማሽ ቀን ይወርዳል። ቀሪው ሁለት ቀን ተኩል ማሽኑ ላይ ነው፤ አንዱ ቀን ጣሪያ ላይ ክብደትና ክንድ በመለካት፣ የቀረው ከመሬት ከሦስት ሜትር በማይበልጥ ከፍታ መብራቱ ሆነ ተብሎ እየጠፋ መድረኩን በእጅ በማውረድ፣ ገመድ በመመርመርና የተንጠለጠለ ሰው በማውረድ ያልፋል። ፈተናው በተግባርና በቃል ይሆናል። ፎርማንና የሕንፃ አስተዳዳሪ ግማሽ ቀን ይገኛሉ። የቀን ሒሳብ በአሠሪው ይከፈላል። "ዛሬ አልወጣም" ያለ ሠራተኛ በዚያ ምክንያት ከሥራ እንዳይባረር ተቋራጩ የሚፈርምበት አንድ ገጽ ይያያዛል። የምስክር ወረቀቱን ነገር ወደ መጨረሻ ወስጄዋለሁ፤ ረቂቁን የሚያይ ሰው ሁሉ እሱን ብቻ ስለሚያነብ ነው።

ለቦታው ሜክሲኮ ያለውን የተግባረ ዕድ ኮሌጅ እንጠይቅ የሚል ሐሳብ አለኝ፤ ጥያቄው ከክረምቱ በፊት ቢደርስ ይሻላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ የውጭ ሥራውን ስለሚያቀዘቅዘው ሰዉም ይገኛል። ከዚያ በፊት ግን የጻፍነውን ራሳችን እንሞክረው። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት በጋሼ ተካዩ መጋዘን እንገናኝ፤ አሮጌውን መድረክ መሬት ላይ ይገጥሙልናል።

ቀለም ቀቢ፦
ከቡድኔ ሁለት ልጆች ይዤ እመጣለሁ። የቅዳሜ ሒሳባቸውን ማን ይከፍላል?

የሕንፃ አስተዳዳሪ፦
የሁለቱን እኔ እከፍላለሁ።

ጎንዶላ ተካይ፦
ማሽኑ ዝግጁ ነው። የፍሬኑን ዘንግ ግን የት እንደጣልሁት አላውቅም፤ እፈልገዋለሁ።

የመስታወት ጽዳት ቡድን መሪ፦
አይድከሙ ጋሼ፤ ሁለት አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቦርሳዬ አላወጣቸውም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እሺ። ዝናብ ከጣለ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይተላለፋል።