የሃይኪንግ ክለባችን የሐሙስ ምሽት፦ ማንን እንጋብዝ?

እንጦጦ ወጪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ባለ አንድ የሃይኪንግ ክለብ የምሽት ዝግጅቱን የማሰናዳው እኔ ነኝ። በወር አንድ ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ 12 ሰዓት ላይ እንገናኛለን። ሻይ ቡና እየተባለ አንድ ሰው ስለወጣው ተራራ ያወራልናል። በጣም እወደዋለሁ። ራስ ደጀንን መጀመሪያ የናፈቅኩት እንዲህ ባለ ምሽት ነው።

ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። የሚጋበዘው ሁሉ ተራራ ወጪ ነው። ስንት ሰዓት ፈጀበት፣ ብርዱ እንዴት ነበር፣ ከዚያ ጫፉ ላይ የተነሳው ፎቶ። እዚያ ስለሚኖረው ሰውና አውሬ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ባለፈው አንዷ አባላችን «ጭላዳ ዝንጀሮ ምን ይበላል?» አለች። ሣር እንደሚግጥ የነገራት ሰው አልነበረም። በየጉዞው የወደቀ ሃይላንድ እንለቅማለን፤ ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም።

አድምጦ የወጣ ሰው በሚቀጥለው ጉዞ የሚረግጠውን ሣር አውቆ እንዲረግጥ እፈልጋለሁ። ማንን ልጥራ? ስለ ምንስ ያውራ?

የመንዝ ልጅ፦

እህቴ፣ መንዝ ካለው ከጓሳ ደጋ ጀምሪ። ያደግኩት ጣሪያው በጓሳ ሣር በተከደነ ቤት ነው፣ ስለዚህ አዳልቼ ይሆናል።

የመንዝ ሰው ያንን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ሲጠብቅ ኖሯል። የቄሮ ሥርዓት ይባላል። መሬቱ የአስቦና የጌራ ዘሮች የጋራ ነበር። አለቃ ይመርጣሉ፣ ጠባቂ ያወጣሉ። ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይነካውም። ሲከፈት ሁሉም በአንድ ጊዜ ገብቶ ያጭዳል። ጥሶ የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ተናጋ፣ ጓሳም ተጎዳ። ዛሬ ግን ጥበቃው እንደገና በማኅበረሰቡ እጅ ነው።

ክለባችሁን ዝም የሚያሰኘው ደግሞ ይሄ ነው። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ የጭላዳ መንጋ መሃል ገብቶ አይጥ ያድናል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም። እሱም ግልገሎቻቸውን ትቶ አይጡን ይፈልጋል። ብቻውን ሆኖ ከሚያድነው ይልቅ በመሃላቸው ሲሆን ይቀናዋል።

አንድ የመንዝ ሽማግሌ ጥሪ። አዲስ አበባ ልጆቻቸው ዘንድ የሚከርሙ አሉ። ፕሮጀክተር ፊት አታቁሚያቸው፤ ወንበር ስጪያቸውና ጠይቂያቸው። ከጓሳ ሣር የተሠራ ገሳ (የዝናብ ካባ) እና ገመድ ካላቸው ይዘው ይምጡ። ሰው በእጁ ሲነካው ይገባዋል።

ደባርቅ፦

የመንዙ ወንድሜ እውነቱን ነው። ከእኛ ከሰሜን ተራሮች በኩል ደግሞ ስካውት፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂ፣ ጋብዙ። ቱሪስት ሁሉ ከስካውት ጋር ይሄዳል፣ ግን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ጥቂት ነው።

ፓርኩ ውስጥ ከነበረችው ከግጭ መንደር የተነሱ ሰዎችንም አትርሱ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ቅርስ ሆነ። ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር። ግጦሹና እርሻው ዋልያንና ቀይ ቀበሮን አጣቦ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የግጭ ነዋሪዎች ተነስተው ወደ ደባርቅ መጡ። ፓርኩ ተነፈሰ። እነሱ ደግሞ ገብሳቸውንና ደጋቸውን ትተው ከተማ ገቡ። ስለ ዋልያ የሚያወራ ክለብ እነዚህን ሰዎች ሳይሰማ ባይቀር ደስ ይለኛል።

የከብት ሐኪም፦

አንድ ምሽት ለእኛ ሙያ ስጡን። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ አብዛኞቹም ባሌ ናቸው። ክፉኛ የሚፈጃቸው ከውሻ የሚይዛቸው በሽታ ነው፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ። ስለዚህ የገበሬውን ውሻ መከተብ ቀበሮውን መጠበቅ ነው። ለክለባችሁም ቀላል ትእዛዝ አለኝ፦ ውሻችሁን ይዛችሁ ወደ ተራራ አትውጡ።

እንጦጦ ወጪዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ወስኛለሁ፣ የሚቀጥለው ሐሙስ የጓሳ ነው። ለእንግዳችን የመመለሻ መኪና ከክለቡ መዋጮ እንይዛለን፤ ሽማግሌ ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ አይቆምም። የግጭን ምሽት ግን በጥድፊያ አላደርገውም፤ መጀመሪያ ደባርቅ ሄጄ ሰዎቹን ላናግራቸው።

የመንዝ ልጅ፣ ገሳ ያላቸው ሽማግሌ ታውቃለህ? በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።