ሰው ሲንቀሳቀስ መተባበር ይጠፋል እንዴ?

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ። ጥያቄዬ የጌም ቲዎሪ ነው (የአንዱ ውሳኔ ሌላውን ሲነካ ሰው እንዴት እንደሚመርጥ በሒሳብ የሚያጠናው)፤ የተነሳው ግን ከዱቤ ደብተር ነው። እናቴ ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ሱቅ አላት። ደብተሯ ዘይት የነካው፣ ጠርዙ የተበላ፣ የሰፈር ሰው ስም የሞላበት ነው። ደሞዝ ሲወጣ ሁሉም መጥቶ ያሰርዛል። አንድ ዓመት መናኸሪያ አጠገብም ሱቅ ይዘን ነበር። የዚያኛው ደብተር ዛሬም እንዳለ አለ። «ጅቡቲ ደርሼ ልምጣ» ያለ ሁሉ በዚያው ቀረ።

በዚህ ተናድጄ በፓይተን ኮድ ሲሙሌሽን (የኮምፒውተር ማስመሰያ) ሠራሁ። 50 በ50 ሰሌዳ ላይ ተባባሪና ሸዋጅ አሉ። ከጎረቤት ጋር የእስረኞቹን አጣብቂኝ ይጫወታሉ (ሁለቱም ቢተባበሩ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ የሚተባበረውን የሸወደ ግን ይበልጥ ያተርፋል)፣ ከዚያ ይበልጥ ያተረፈውን ይኮርጃሉ። ቁጭ ካሉ ተባባሪዎቹ ተሰባስበው ይተርፋሉ። ተመራማሪዎቹ ኖዋክና ሜይ በ1992 ያሳዩት ነው (ዓመቱ በፈረንጅ)። በየዙሩ ቦታ ሳቀያይራቸው ግን ሸዋጅ ብቻ ቀረ። ታዲያ መንገደኛ ሕዝብ አይተባበርም ማለት ነው? ድሬ እኮ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት!

ዳማ ተጫዋች፦
አብሽር፣ ኮድህ ደህና ነው። ሰዎችህን ግን እንደ ዕጣ ነው የምትወረውራቸው። ሰው ሲሄድ ምክንያት አለው። ተመራማሪዋ አክቲፒስ በ2004 ባወጣችው ሞዴል ሕጉ አንድ ነው፦ ከሸወደህ ተነስተህ ሂድ፣ ካልሸወደህ ቆይ። ማን ምን እንዳደረገ መያዝ እንኳ አያስፈልግም። ተባባሪ ተባባሪ ሲያገኝ አብሮ ይቀመጣል፤ ሸዋጁ ሲዞር ይውላል። በ2009 ሄልቢንግና ዩ ደግሞ ዙሪያቸውን አይተው ወደሚያተርፉበት የሚሄዱ ተጫዋቾች ሠሩ። ሸዋጅ በሞላበት ሰሌዳ ላይ እንኳ መተባበር ተነሳ።
ለመሆኑ ሰሌዳህ ላይ ባዶ ቦታ አለ?

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
የለም፣ ጢም ያለ ነው። ሁለት ሁለቱን ነው የማለዋውጣቸው።

ዳማ ተጫዋች፦
በል ተገኘ! የት ይሽሹ ታዲያ? ቫይንስታይን፣ ሲልቫና አሬንዞን በ2007 ባዶ ቦታ ትተው ሲሞክሩት፣ ያለ ምክንያት መዞርም አንዳንዴ መተባበርን ጠቅሟል። የሕዝቡ መጠጋጋት ወሳኝ ነው።

የጀጎል ልጅ፦
ከሐረር ነኝ፤ ኮድ አይገባኝም። አክስቴ ጂዳ ከሄደች ስንት ዘመኗ፤ የአፎቻ (እንደ እድር ያለ የሐረር ማኅበር) መዋጮዋ ግን በእህቷ በኩል አንድ ቀን አልቀረም። ሠርግም ለቅሶም አለች። እዚህ አንዱ ቢሸውድ ደግሞ ወሬው ቀድሞት ሸዋ በር (የጀጎል ግንብ መውጫ) ይደርሳል። ያንተ ሰዎች ስም አላቸው?

ዳማ ተጫዋች፦
ይቺ ጥያቄ ወርቅ ናት። ኤንክዊስትና ላይማር በ1993 የጻፉት ይሄንኑ ነው፦ ሸዋጅ ከሰው ሰው እየዘለለ ይኖራል፤ ወሬና ጥርጣሬ ሲኖር ግን መንገዱ ይጠብበታል።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
ግማሹን ባዶ አድርጌ፣ «የተሸወደ ይነሳ» ብዬ አስነሳሁት። አሁን ሰማያዊዎቹ ተባባሪዎች ጥግ ጥጉን ተሰባስበዋል፣ ቀዮቹ ሸዋጆች መሀል ይንከራተታሉ። ስም ገና አልሰጠኋቸውም። እናቴ ከኋላዬ ቆማ አይታ «የኔን ብር ይዞ የጠፋው የቱ ነው?» አለች።