ክርክር፦ ተደፍራ ያረገዘች ሴት ለውርጃ የፖሊስ ወረቀት ትጠየቅ?

ጠያቂዋ (ኮዬ ፈጬ)፦ ብሎካችን ውስጥ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ልጅ ተደፍራ አረገዘች። ጤና ጣቢያ ይዣት ስሄድ «መጀመሪያ የፖሊስ ወረቀት አምጡ» አሉን። ልክ ናቸው?

ባለሱቁ፦ ታዲያ ምን ያድርጉ? ያለ ማስረጃ ከሆነማ ሁሉም ተደፈርኩ ትላለች። የነፍስ ጉዳይ ነው እኮ፣ ጥርስ ማስነቀል አይደለም!

ነርሷ (ቱሉ ዲምቱ)፦ ልክ አይደሉም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 552 ላይ አለ፤ በመደፈር ወይም ከሥጋ ዘመድ ያረገዘች ሴት ቃሏ ብቻ ይበቃል። አንቀጽ 551 ደግሞ ለሕይወቷ ወይም ለጤናዋ ሲያሰጋ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ችግር ሲኖርበት፣ ወይም ልጅነቷ ወይም የአካልና የአእምሮ ጉዳቷ ልጅ ለማሳደግ የማያስችላት ሲሆን ይፈቅዳል። ዕድሜዋም ራሷ ያለችው ነው የሚመዘገበው፣ መታወቂያ አምጪ አትባልም። ይህን የማያውቅ ባለሙያ አለ። እያወቀ የሚያመላልስም አለ፣ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

የሰንበት ተማሪው፦ ሕግ ስለፈቀደ ኃጢአትነቱ አይቀርም። በዚህ ነገር እጄን አላስገባም ያለ ሰው ለምን ይወቀሳል?

ነርሷ፦ አላስገባም ካለ ወዲያው ይንገራትና ወደምትሠራላት ባለሙያ ይላካት። «ነገ ነይ» እያሉ ሳምንት ማስቆጠር ግን እምነት አይደለም። እስከ 12 ሳምንት ጤና ጣቢያ በክኒን ወይም በመሣሪያ ይሠራል። ካለፈ ወደ ሆስፒታል ነው፣ አደጋውም ይጨምራል።

ተከራይዋ፦ ስለ ወረቀቱ ስታወሩ የሠራተኛን ኑሮ ረሳችሁት። ብዙዎቹ የሚወጡት እሁድ ብቻ ነው፣ ያን ቀን ደግሞ ካለ ድንገተኛ በቀር ማን ያያታል? ደፋሪው የቤቱ ጌታ ወይም ልጁ ከሆነስ? ወረቀት አምጪ ማለት እኮ ያስጠጋሽን ሰው ከሰሽ ነይ ማለት ነው። ስለዚህ ዝም ትልና ከሆነ ሰው ክኒን ገዝታ በድብቅ ትውጣለች፣ መጠኑን እንኳ የሚነግራት የለም።

ነርሷ፦ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአገሪቱ 620 ሺህ ገደማ ውርጃ እንደነበር ተገምቷል፣ በጤና ተቋም የተደረገው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም።

ባለሱቁ፦ እሺ፣ ደፋሪውስ በነፃ ይሂድ?

ነርሷ፦ ማን አለ? መክሰስ ስትፈልግ ትክሰስ፣ እንረዳታለን። ሕክምናውን ግን ክሱ እስኪያልቅ አናስጠብቃትም።

ጠያቂዋ፦ በቃ፣ ሰኞ አንቀጹን ስልኬ ላይ ይዤ እመለሳለሁ። የቱሉ ዲምቷ፣ እምቢ ካሉን ወዴት እንደምንሄድ በውስጥ ጻፊልኝ።