የመጥለቂያ ዕቃ ልገዛ ብዬ ግራ ገባኝ
ሰላም ወገኖች፣ እስራኤል ውስጥ ቀይ ባሕር ዳር ኤይላት ነው የምኖረው። ባለፈው ወር እስከ 18 ሜትር የሚያስጠልቀውን የጀማሪ ፈቃድ አገኘሁ። የኪራዩ መነጽር በግንባሬ በኩል ጨው ውሃ እያስገባ ዓይኔን ፈጀው። ሱቅ ሄጄ ማሰሪያውን ሳላጠልቅ ፊቴ ላይ ለጥፌ፣ በአፍንጫዬ አየር ስስብ ሳይወድቅ የቀረው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ውድ! ሻጩ ደግሞ ሬጉሌተር (ከታንኩ አየር ወደ አፍ የሚያደርሰው) እና ጃኬት (አየር እየተሞላ የሚያንሳፍፈው) ካልጨመርሽ ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። ያገለገለ ሬጉሌተር በግማሽ ዋጋ አግኝቼ ነበር፤ ግን መቼ እንደተፈተሸ ባለቤቱ ራሱ አያውቅም። ትንፋሼን በሱ ላይ ልጣል እንዴ? የመጥለቂያ ልብሱስ? በየካቲት ውሃው 21 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይበቃኛል? እኔ እንደሆን ብርድ አልችልም። የምትጠልቁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የገዛችሁት ምኑን ነው? የቀረውን እየተከራየሁ ብቆይስ?